ኑዛዜ በፍርድ ቤት ለምን ይፈርሳል? የውርስ ክርክርን ስለ መከላከልና ከተነሣም ስለ መፍታት

በኑዛዜ ምክንያት ፍርድ ቤት የሚቆሙ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ብዙ ጊዜ አባታቸው ወይም እናታቸው ምን እንደ ፈለጉ አይጠፋቸውም። ክርክሩ የሚያጠነጥነው የሟቹ ፍላጎት ሕጉ በሚያዝዘው ሥርዓት ተጽፎ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ላይ ነው። ዳኛው ሟቹን መልሶ ሊጠይቀው ስለማይችል በእጁ ያለው ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱ አንድ አስፈላጊ ዐረፍተ ነገር ከጎደለው፣ የሟቹ ሐሳብ ምንም ያህል ግልጽ ቢሆን፣ ኑዛዜው ፈራሽ ተብሎ ውርሱ ኑዛዜ እንደሌለ ተቆጥሮ ሊከፋፈል ይችላል። ስለዚህ የኑዛዜን ክርክር ለመከላከል ከሚደረገው ጥረት ትልቁ ክፍል የሚያልቀው ኑዛዜው በሚጻፍበት ቀን ነው።

በኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የሕጉ የቤተሰብ ክፍል በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ቢተካም፣ ከቁጥር 826 ጀምሮ ያለው የውርስ ክፍል ዛሬም የሚሠራበት ነው። ሙስሊም ቤተሰቦች ባለጉዳዮቹ ሁሉ ፈቃዳቸውን ከሰጡ ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት ይችላሉ፤ በዚያ ኑዛዜ ከሀብቱ ከሲሶው እንዳይበልጥ የሚለውን ጨምሮ የራሱ ሥርዓት አለ። ከዚህ በታች የሚብራራው መደበኛ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

በቅድሚያ ኑዛዜ ከሌለ ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል፤ መናዘዝ የሚያስፈልገውና የማያስፈልገው ቤተሰብ የሚለየው በዚህ ነውና። ሟቹ ልጆች ካሉት ሀብቱ ለልጆቹ እኩል ይከፋፈላል። ወንድ ወይም ሴት መሆን፣ ከጋብቻ ውስጥ ወይም ከጋብቻ ውጭ መወለድ፣ ወይም የጉዲፈቻ ልጅ መሆን ድርሻን አይለውጥም። ከልጆቹ አንዱ ቀድሞ ሞቶ ከሆነ የእርሱ ልጆች በእርሱ ቦታ ይተካሉ። ልጅ ከሌለ ውርሱ ወደ ሟቹ አባትና እናት ይሄዳል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ባል ወይም ሚስት የሉም፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠውም ይህን ሲሰማ ነው። በሕይወት የቀረው ተጋቢ የሚያገኘው ከጋራ ሀብቱ የራሱን ግማሽ ነው እንጂ የሟቹን ግማሽ አይወርስም። ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው ባል ሳይናዘዝ ቢሞት፣ ሚስትየዋ የሠራችበትን ቤት ከአማቶችዋ ወይም ከባልዋ ወንድሞችና እኅቶች ጋር ተካፋይ ሆና ትቀራለች። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ኑዛዜ የግድ ነው ማለት ይቻላል።

ሰው መናዘዝ የሚችለው በራሱ ሀብት ላይ ብቻ መሆኑ ቀላል ነገር ይመስላል፤ በተግባር ግን ከክርክሮቹ ሁሉ ሰፊው በር ይኸው ነው። አንድ ባለትዳር በጋብቻው ዘመን የሠራውን፣ ካርታው በእርሱ ስም ብቻ ያለ ቤት «በሙሉ ለትልቁ ልጄ ሰጥቻለሁ» ብሎ ተናዘዘ እንበል። ቤቱ 6,000,000 ብር የሚያወጣ ከሆነ 3,000,000 ብሩ ከመጀመሪያውም የሚስቱ ነው፤ ካርታው በማን ስም መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ከቀሪው 3,000,000 ብር ላይ በስሙ የነበረ የ300,000 ብር የግል ዕዳ ቢኖር እርሱም ይቀነሳል፤ ሕጉ ከውርስ ሀብት የቀብር ወጪ፣ የማጣራት ወጪና ዕዳ ሳይከፈሉ የኑዛዜ ስጦታ እንዲከፈል አይፈቅድምና። ስለዚህ ኑዛዜው የሚናገረው ስለ 6,000,000 ብር ቢሆንም ሊያስተላልፍ የሚችለው ከ2,700,000 ብር አይበልጥም። ተናዛዡ ይህን አስቀድሞ አስልቶ «ከጋራ ቤታችን የእኔን ግማሽ ድርሻ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ እናትና ልጅ ፊት ለፊት አይቆሙም ነበር።

መሬትን በተመለከተም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚወረሰው በላዩ የተሠራው ቤትና የመጠቀም መብቱ ነው፤ የገጠር ይዞታ ከሆነ ደግሞ ማን ሊወርሰው እንደሚችል የየክልሉ የገጠር መሬት ሕግ የራሱን ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። የሕይወት መድን ገንዘብ ተጠቃሚው በስም ከተጠቀሰ በውርሱ ውስጥ አይገባም፤ የጡረታ አበልም እንደዚሁ።

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፤ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግና በቃል የሚደረግ ናቸው። በአገራችን በብዛት የሚሠራበት የመጀመሪያው ነው፤ በብዛት የሚፈርሰውም እርሱ ነውና በእርሱ ላይ ቆም ማለት ይገባል።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ተናዛዡ ራሱ ወይም እርሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 881 የሚጠይቃቸው ነገሮች በሙሉ መሟላት አለባቸው። ጽሑፉ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑ በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም እዚያው ወዲያውኑ መፈረም ወይም የጣት አሻራ ማኖር አለባቸው። መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ መነበቡ መጻፍ አለበት። ከዓመታት በኋላ አራቱም ምስክሮች ችሎት ቀርበው «አዎን፣ ፊታችን ተነቧል» ብለው ቢምሉ እንኳን፣ ይህ ቃል በሰነዱ ላይ ከሌለ ቃላቸው ጉድለቱን አይሞላም፤ ፍርድ ቤቶች ይህን ድንጋጌ የሚያዩት በጥብቅ ነው። ሕጉ እንዲህ የጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ኑዛዜ የሚታየው ባለቤቱ መናገር በማይችልበት ጊዜ በመሆኑ፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ወረቀት የሟቹ ቃል ስለ መሆኑ ሊያረጋግጥ የሚችለው በአንድ ጊዜና በአንድ ቦታ የተገኙ ሰዎች ሰምተው መፈረማቸው ብቻ ነው።

ይህን ክፍተት የሚዘጋው የመጨረሻ አንቀጽ በሚከተለው መልክ ሊጻፍ ይችላል፦ «ይህ ኑዛዜ ዛሬ (ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት) በተናዛዡ መኖሪያ ቤት፣ ተናዛዡና ከዚህ በታች ስማችን የተጻፈው አራት ምስክሮች በአንድነት ባለንበት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልን፣ ተናዛዡም ቃሉ መሆኑን በፊታችን አረጋግጦ ፈርሟል፤ እኛም ምስክሮች መነበቡን ሰምተንና ተናዛዡ ሲፈርም አይተን በዚያው ጊዜ ፈርመናል።» በየገጹ ፊርማ ማኖርና በእያንዳንዱ ምስክር ፊርማ አጠገብ ሙሉ ስምና አድራሻ መጻፍም ቆይቶ ገጽ ተለውጧል የሚለውን ጥርጣሬ ያስቀራል። ምስክሮቹ በተለያየ ቀን በየቤታቸው እየተዞረ የሚፈርሙበት ልማድ ግን፣ ለሽማግሌ ድካም አዝኖ የሚደረግ ቢሆንም፣ ኑዛዜውን ራሱን አሳልፎ የሚሰጥ ነው።

ከአራቱ ምስክሮች ይልቅ ሁለት የሚበቁበት መንገድ አለ። ከሁለቱ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሹም ወይም ውል አዋዋይ (ሰነድ የሚያረጋግጥ ሹም) ከሆነ ኑዛዜው ይጸናል። አዲስ አበባ ላይ ሰው ሁሉ «ውልና ማስረጃ» በሚለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ቀርቦ መናዘዝ የተሻለ የሚሆነው በዚህ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ሰነድ እዚያ ስለሚቀመጥ የመጥፋትና የመደበቅ ሥጋትም ይቀንሳል። ኑዛዜ አለኝ የሚል ሰው መኖሩንና ይዘቱን የማስረዳት ሸክም አለበት፤ ይህንም የሚወጣው ዋናውን ወይም በሚገባው ባለሥልጣን የተረጋገጠ ግልባጭ በማቅረብ ነው። በሳጥን የተቀመጠ ብቸኛ ቅጂ ከሟቹ አልጋ አጠገብ በነበረ ሰው እጅ ከጠፋ ሌላው ተጠቃሚ የሚገባበትን ጭንቀት መገመት አያዳግትም። ኑዛዜን ሆን ብሎ የደበቀ ወይም ያጠፋ ወራሽ ግን ለውርሱ ያልተገባ ተብሎ ድርሻውን እስከ ማጣት ሊደርስ እንደሚችል ሊያውቅ ይገባል።

ምስክር ሲመረጥ አካለ መጠን የደረሰ፣ በፍርድ ያልተከለከለና ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያውቅ መሆኑ ይታያል። ለምስክሩ ወይም ለጸሐፊው በኑዛዜው ስጦታ ማድረግ አይገባም፤ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ስጦታ ሊቀንሰው ወይም ሊሽረው ይችላል። ሟቹን ሲያክም ለነበረ ሐኪም ወይም ለነፍስ አባት የሚደረግ ስጦታም በተመሳሳይ ዐይን ይታያል። ከዚህ ውጭ ግን «ተጫነውና ተናዘዘ» የሚለው አቤቱታ በራሱ ኑዛዜን እንደማያፈርስ ሕጉ ይናገራል፤ ኃይል ወይም ዛቻ ነበር የሚል ሰው ያንን ማስረዳት አለበት። «አእምሮው ታውኮ ነበር» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ኑዛዜው በተደረገበት ጊዜ ሁኔታው በግልጽ የታወቀ ካልሆነ በቀር እርጅናና ሕመም ብቻቸውን አይበቁም። በዕድሜ የገፋ ወይም የታመመ ሰው ሲናዘዝ በዚያው ሰሞን የተሰጠ የሐኪም ማስረጃ ከሰነዱ ጋር መያዙ ይህን ክርክር ከወዲሁ ያቀልለዋል።

በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረገው ኑዛዜ ምስክር አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። በኮምፒዩተር ከተጻፈ ራሱ ተናዛዡ መጻፉን በየገጹ በእጅ ጽሑፉ ካላመለከተ አይጸናም። በዚህ ዓይነቱ ኑዛዜ ላይ ያለው የተሰወረ አደጋ ጊዜ ነው፤ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በጉልምስናው ጽፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ወይም ቁርኣኑ ውስጥ ያኖረ ሰው በሰማንያ ዓመቱ ቢያርፍ፣ ልጆቹ የሚያገኙት ወረቀት የአባታቸው የእጅ ጽሑፍ ነው እንጂ ኑዛዜ አይደለም።

የቃል ኑዛዜ ጠባብ ነው። ለሁለት ምስክሮች የሚነገር ሲሆን የቀብርን ሥርዓት፣ የትንንሽ ልጆችን ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎችን ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ይቀራል። የሟች ቃል በባህላችን ትልቅ ክብር አለው፤ «ቤቱን ለእገሌ ብሎ ነው የሞተው» የሚል ምስክርነት ግን ቤት አያስተላልፍም።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ በጋራ የሚያደርጉት ኑዛዜም ፈራሽ ነው። ይህ በፍቅር ተስማምተው የኖሩ ጥንዶችን በተለይ የሚጎዳ ሕግ ስለሆነ ደግሞ ደጋግሞ መናገር ተገቢ ነው። አንዱ ሌላው ቢሞት ሁሉን እንዲይዝ ከፈለጉ፣ ሁለት የተለያዩ ኑዛዜዎችን በሁለት የተለያዩ ሰነዶች ማድረግ አለባቸው። ኑዛዜ በወኪልም አይደረግም፤ «ኑዛዜዬን አልለውጥም» ተብሎ የሚገባ ውልም አይጸናም፤ ሰው እስከ መጨረሻው ቀን ሐሳቡን የመለወጥ ነጻነት አለውና።

ልጅን ከውርስ መንቀል ከሁሉም ይልቅ ቤተሰብ የሚከፍል ጉዳይ ነው። ሕጉ ይህን አይከለክልም፤ ሆኖም ተናዛዡ ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ መግለጽ አለበት፤ ፍርድ ቤትም የተሰጠው ምክንያት ለመንቀል የሚበቃ መሆኑን ይመዝናል። «አላከበረኝም» የሚል አንድ ቃል ከሚጻፍ፣ በሕመም ጊዜ ጥሎ ስለ መሄዱ ወይም ስለ መደብደቡ ጊዜውና ሁኔታው ተገልጾ ቢጻፍ ይሻላል። ተናዛዡ ሀብቱን በልጆቹ መካከል ዕቃ በዕቃ ከፋፍሎ ከሆነ ደግሞ ከድርሻዬ ከሩብ በላይ ጎድሎብኛል የሚል ተወላጅ ክፍያውን ሊቃወም ይችላል፤ ስለዚህ ቤቱን ለአንዱ፣ መኪናውን ለሌላው ከመስጠት በፊት ግምታቸውን ማወቅ ክስን ያስቀራል። በቁጣ ወቅት የሚደረግ መንቀል ተናዛዡ በኋላ ይቅር ቢልም እንኳ ወረቀቱ ካልተሻረ የሚሠራ መሆኑን ብዙ አባቶች አያስቡትም፤ እርቅ ሲወርድ ኑዛዜውም አብሮ መቀየር አለበት።

ኑዛዜ አንዴ ተጽፎ የሚረሳ ሰነድ መሆን የለበትም። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ቢወለድና ውርሱን ቢቀበል ስጦታዎቹ በመሠረቱ ይወድቃሉ፤ ጋብቻው በፍቺ ቢፈርስ ለትዳር ጓደኛ የተደረገው ስጦታ ይቀራል። ሌላ ኑዛዜ ሲደረግ «ከዚህ በፊት ያደረግኋቸውን ኑዛዜዎች በሙሉ ሽሬአለሁ» የሚል ቃል ከሌለበት ሁለቱን አስታርቆ የማንበብ ሥራ በልጆቹ ላይ ይወድቃል።

በኑዛዜ ሀብትን ወዲያውኑ ከማከፋፈል ሌላ መንገዶችም አሉ፤ ቢታወቁ ብዙ ጠብ ያበርዱ ነበር። አንደኛው ባለቤትነቱን ለልጆች፣ የአላባ መብቱን ደግሞ ለሚስት ወይም ለባል መስጠት ነው፤ በዚህ መንገድ እናት ዕድሜዋን ሙሉ በቤቱ ትኖርበታለች ወይም ታከራየዋለች፣ ከእርስዋ በኋላ ቤቱ ለልጆቹ ይጸናል። ሌላው ንብረትን በአደራ ማስያዝ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 516 ጀምሮ አንድ ንብረት ራሱን ችሎ ተለይቶ፣ አደራ ተቀባይ በተሰየመ ሰው መስራቹ በሰጠው መመሪያ መሠረት እንዲተዳደር ይፈቅዳል፤ ይህም በኑዛዜ ሊቋቋም ይችላል። ለትንንሽ ልጆች፣ ራሱን ማስተዳደር ለማይችል የቤተሰብ አባል፣ ወይም ለትምህርት መርጃ ለሚተው ኪራይ ቤት የሚስማማ ነው። አደራው የክርክር ምንጭ እንዳይሆን ግን አደራ ተቀባዩ ስንት ጊዜ ለማን ሒሳብ እንደሚያቀርብ፣ ንብረቱን መሸጥ ይችል እንደ ሆነ፣ እርሱ ቢሞት ማን እንደሚተካውና አደራው መቼ እንደሚያበቃ በጽሑፉ መወሰን አለበት። ሕጉ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ቢሆነውም ይህ ክፍል እምብዛም አለመሠራቱ ያሳዝናል፤ ለወላጅ አልባ ልጆች ንብረት የተሻለ ጠባቂ ሊሆን ይችል ነበር።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በተለይ አሜሪካ ውስጥ ያለ ቤታቸውንና የባንክ ሒሳባቸውን ከፍርድ ቤት ሂደት ለማዳን ትረስት (ንብረትን በአደራ የማስያዝ ሰነድ) ያቋቁማሉ። ያ ሰነድ እዚያ ላለው ሀብት ቢሠራም፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለውን ቤት በወራሾች ስም ለማዛወር የሚጠየቀው በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማስረጃ ነው፤ የውጭ ፍርድ ቤት ውሳኔም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት የማስፈጸሚያ ፈቃድ ሳያገኝ በአገር ውስጥ አይፈጸምም። ስለዚህ አገር ቤት ላለው ንብረት ብቻ የሚናገር፣ በኢትዮጵያ ሕግ ሥርዓት የተጻፈ፣ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተረጋገጠ ሌላ ኑዛዜ ማድረግ ብልህነት ነው። «ለወንድሜ ውክልና ሰጥቼዋለሁ» ማለት ግን አይጠቅምም፤ ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃልና ከሞት በኋላ በውክልና የተፈጸመ ሽያጭ ራሱ አዲስ ክርክር ይሆናል።

አለመግባባቱ ከተነሣ በኋላ የመጀመሪያው ጠላት ጊዜ ነው። ኑዛዜው ሲነበብ የተገኘና የማይቀበለው ሰው ተቃውሞውን ማሳወቅና ክስ ማቅረብ ያለበት በሳምንታትና በወራት በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ ነው፤ «ተዝካሩ ይለፍ፣ ሰው ምን ይለናል» እያሉ መቆየት መብትን ያሳጣል። ያለ መብቱ ወራሽ ነኝ ብሎ ንብረቱን በያዘ ሰው ላይ የሚቀርበው የወራሽነት ክስ ደግሞ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀ በኋላ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሌላው ወራሽ በድብቅ የወራሽነት ማስረጃ ቢያወጣ ይህ ማስረጃ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ መቃወምና ማሰረዝ ይቻላል። ቤቱ እንዳይሸጥ የእግድ ትእዛዝ ወዲያው መጠየቅ፣ ፊርማው ተጠርጥሮ ከሆነ በፎረንሲክ እንዲመረመር ማመልከት፣ ሀብቱና ዕዳው በግልጽ እንዲታወቅም ፍርድ ቤቱ ውርስ አጣሪ እንዲሾም መጠየቅ ተከታዮቹ እርምጃዎች ናቸው። አጣሪው ኑዛዜ መኖሩን ይፈልጋል፣ ወራሾችን ይለያል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ ሪፖርቱንም ለፍርድ ቤት ያቀርባል። ከሁሉም ወገን ገለልተኛ የሆነ አጣሪ መምረጥ ክርክሩን በግማሽ ያሳጥረዋል ብል ማጋነን አይሆንም።

የቤተሰብ ጠብ በሽምግልና ቢያልቅ የተሻለ መሆኑ እርግጥ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት፤ በ2013ቱ የግልግልና የእርቅ አዋጅ (ቁጥር 1237/2013) መሠረት የውርስ ጉዳይ በግልግል ዳኝነት ሊወሰን አይችልም፤ ማለትም ሽማግሌዎች እንደ ዳኛ አስገዳጅ ፍርድ ሊሰጡ አይችሉም። ሊያስማሙ ግን ይችላሉ፤ ወራሾቹ ራሳቸው በእርቅ ከተስማሙ ሕጉ ስምምነቱን ያከብራል፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም በአስማሚ አማካይነት የሚታረቁበትን አሠራር አዘጋጅተዋል። በሽምግልናው ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለሴት ልጆች ነው። «አንቺ ባል አለሽ፣ ለወንድምሽ ተዪለት» ተብላ በሽማግሌ ፊት አፍራ የምትፈርም እኅት እርቅ አላደረገችም፤ ድርሻዋ በገንዘብ ስንት እንደሆነ ሳይነገራትና ከአማካሪ ጋር ሳትነጋገር መፈረም የለባትም፤ ሽማግሌዎችም ይህን ሊያስፈርሙ አይገባም። ከወራሾቹ መካከል አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ካለም ሞግዚቱ በገዛ ፈቃዱ ድርሻውን ሊለቅለት ስለማይችል ጉዳዩ በፍርድ ቤት መታየት አለበት።

የእርቁ ስምምነት ሲጻፍ የእያንዳንዱ ንብረት መለያ፣ የቤት ቁጥሩና የካርታ ቁጥሩ ሳይቀር፣ ማን ምን እንደሚወስድ፣ ለሌሎቹ በገንዘብ የሚካካሰው ስንት እንደ ሆነና መቼ እንደሚከፈል፣ የስም ማዛወሪያ ወጪውንም ማን እንደሚሸፍን ተዘርዝሮ ይጻፋል። መዝገቡ በፍርድ ቤት ያለ ከሆነ ስምምነቱ ለችሎቱ ቀርቦ ለሕግና ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ አለመሆኑ ታይቶ ይመዘገባል፤ ከተመዘገበ በኋላ ካሳውን ያልከፈለ ወራሽ ላይ አዲስ ክስ መክፈት ሳያስፈልግ በአፈጻጸም ማመልከቻ ብቻ ማስከፈል ይቻላል፤ የይዞታ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱም ካርታውን የሚያዛውረው ይህንኑ ትእዛዝ ይዞ ነው።